አህያዋን ከማተሚያ ቤት ያመጣንባት ቅዳሜ

አቃቂ በሰቃ፣ ጎሕ ሲቀድ

ባለቤቴን አስናቀችን ላለመቀስቀስ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ግን ምስጢር አይጠብቅም፤ ገና ሳልነካው ሲጢጥ ይላል። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ድምፅ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደራሲ ነህ ወይስ ሌባ?»

«ማተሚያ ቤት ነው የምሄደው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሹራብህን ልበስ።»

ሹራቤን ለብሼ ወጣሁ። የዛሬው ጉዞ ከአቃቂ በሰቃ ተነስቶ፣ በቃሊቲ አልፎ፣ አትክልት ተራ አጠገብ ያለ ማተሚያ ቤት ደርሶ መመለስ ነው። ሌላው ሰው ባሕር ተሻግሮ የጉዞ ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ የተሻገርኩት ቀለበት መንገድ ነው። አንባቢዬ እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ግን፣ ባሕር የተሻገረውም ቢሆን እንደኔ አህያ በካርቶን ጭኖ እንዳልተመለሰ ይመሰክርልኛል።

ወርቅነህ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስጽፍ፣ ደብዳቤ ስቀበልና ደብዳቤ ሳፈላልግ ኖሬያለሁ። ጡረታ ሲወጣ ሰው ዕድር ይመራል፣ ወይ ዶሮ ያረባል። እኔ ማታ ማታ የልጅ ልጄን ማርታን የማስተኛት ሥራ ደረሰኝ፤ እናቷ ፋብሪካ ፈረቃ ስለምትገባ። ተረቴ ሲያልቅብኝ መንገድ ዳር ከተዘረጉት የልጆች መጻሕፍት ገዛሁ። መጽሐፎቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ድብ ነው። ድቡ ኮፍያ ያደርጋል፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል፣ ጭስ ማውጫ ባለው ቤት ይኖራል።

«አባባ፣» አለችኝ ማርታ አንድ ማታ፣ «ይሄ ድብ አቃቂ ውስጥ የት ሰፈር ነው ያለው?»

አቃቂ ውስጥ ያለው አህያ ነው። እህል ወደ ወፍጮ፣ ዱቄት ወደ ገበያ ተሸክሞ ሲመላለስ የሚውል አህያ። እኔም በዚያው ሰሞን ስለ አህያ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ አህያዋ ታክሲ መሳፈሯን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ብርቄ የተባለችው አህያ በታክሲ ለመጓዝ ያላትን ጽኑ ፍላጎት ስታሳውቅ ቆይታለች።» ማርታን እንቅልፍ ሲወስዳት ብርቄ ገና ከጋጣዋ አልወጣችም። አስናቀች ከጓዳ ሆና፣ «ይሄ ለልጅ ነው ወይስ ለወረዳ?» አለችኝ።

ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፤ እሱንም ቀደድኩ። እየቀደድኩ እየጻፍኩ ስከርም የግቢያችን የፊት ክፍል በወረቀት ተሞላ። ነገሩ የከረረው ያኔ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ነጋዴ አቶ ከድር ያቺን ክፍል ለሱቅ አከራዩኝ እያሉ ሲለምኑ ቆይተዋል፣ አስናቀችም ሐሳቡን ወዳዋለች። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረስን። ዛሬ ከሰዓት ማርታ የምትማርበት የቃሊቲው መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ቀን አለው፤ ዳይሬክተሯ እትዬ ሙሉ መጽሐፌን ለልጆቹ እንዳነብ ፈቅደውልኛል። ልጆቹ ከወደዱት ክፍሏ የእኔ ናት። ካልወደዱት የሽንኩርትና የሳሙና ትሆናለች።

«ሕፃን ይሉኝታ አያውቅም፤ እውነቱን እንሰማለን» አለች አስናቀች።

ችግሩ መጽሐፉ ገና እጄ አለመግባቱ ነው። ማተሚያ ቤቱ «ነገ» ሲለኝ ከርሟል፤ መብራት ሲመጣ ቀለም ያልቃል፣ ቀለም ሲመጣ መብራት ይጠፋል። ዛሬ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ፣ በታክሲ

አስፋልቱ ዳር ሠዓሊዬ ሸምሱ እየጠበቀኝ ነው። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ አቃቂ የከተመ የታፔላ ሠዓሊ ነው። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የምታዩአቸው የሥጋ ቤት በሬዎች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው፦ ደረታቸው የተነፋ፣ ዓይናቸው የሚያበራ፣ ገና ሳይታረዱ የሚያስርቡ በሬዎች። ሥዕል የሚችል ሰው ስፈልግ ያገኘሁት እሱን ነው። ተስማማንና ሥዕሎቹን ይዞልኝ መጣ። አየኋቸው። ደግሜ አየኋቸው።

«ሸምሱ፣ ይሄ በሬ ነው።»

«ጆሮውን ይዩት እንጂ ጋሼ! ረጅም አድርጌዋለሁ።»

«ረጅም ጆሮ ያለው በሬ ነው።»

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? የአህያ ሥጋ ቤት የለም። አህያ ማን ያሠራኛል? እጄ የለመደው በሬ ነው።»

እንደገና የሚሳልበት ጊዜ አልነበረም። ብርቄ የበሬ ደረትና የጥንቸል ጆሮ ይዛ ማተሚያ ቤት ገባች።

ታክሲው ውስጥ የምግብ ሰሃን በፌስታል የቋጠሩ ሴቶች ሞልተዋል፤ ቅዳሜ ስለሆነ ማረሚያ ቤት ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው። የሽሮው ሽታ ሆዴን አስጮኸው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሰሃናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«እርስዎም ጠያቂ ነዎት?» አሉኝ።

«አይ፣ እኔ መጽሐፍ ላመጣ ነው። የልጆች መጽሐፍ ጽፌ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በዚህ ዕድሜዎ?»

«ጡረታ ወጥቼ ነው።»

«እግዜር ያበርታዎት፤» አሉኝ፣ እስር ቤት ያለው ሰው እኔ የሆንኩ ይመስል። ማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ሲወርዱ ከፌስታላቸው አንድ አምባሻ ቆርሰው እጄ ላይ አኖሩ። እምቢ ማለት አልተቻለም። ከሸምሱ ጋር ተካፍለን በላነው፤ ደራሲነት ያስገኘልኝ የመጀመሪያው ሽልማት እሱ ነው።

በባቡር፣ ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ

የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ ብዙ አልቆየም፤ ሰው ገና እንደ ሠርግ መኪና ነው የሚያየው። ለጉዳይ የሚሳፈር አለ፣ ለማየት ብቻ የሚሳፈርም አለ። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን «ሹፌሩ የት ነው ያለው?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ልጁ «ፊት ነው» ሲላቸው «ፊትማ ኋላ ነበር፤ ከዚያ ነው የመጣው» ብለው አላመኑም።

ቆመን ነው የምንሄደው። ሳሪስ ላይ ሰዉ ገባ፤ ሸምሱ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጋር ደረት ለደረት ተለጠፈ። ሸምሱ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም። የሽፋኑን ሥዕል ናሙና ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

«እኔ ነኝ የሳልኩት። ምን ይመስልዎታል?»

ሰውዬው አንገቱን ወደኋላ ስቦ ተመለከተው። «ቆንጆ ነው። የት አካባቢ ነው የምትከፍቱት?»

«ምኑን?»

«ሥጋ ቤቱን።»

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጎተራ፣ መሿለኪያ፣ ስታዲየም እያለ ባቡሩ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ከተማው ሌላ ነው፤ የሚፈርሰው ከሚሠራው ጎን ለጎን፣ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ። ልወርድ ስል ሸምሱን አየሁት፤ ጣቱን በብርቄ ደረት ላይ እያንሸራሸረ፣ በጣቱ ሊያከሳት ይሞክራል።

«አይዞህ፣» አልኩት። «ልጆች ሥጋ ቤት አይገቡም።»

ማተሚያ ቤት

ከአትክልት ተራ ጀርባ፣ የጎመን ቅጠልና ጭቃ የተቀላቀለበት መንገድ ጫፍ ላይ ነው ማተሚያ ቤቱ። ኃላፊው በፈገግታ ተቀበለን። የሰው ፈገግታ ሲበዛ ልቤ ይሰጋል።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ እንኳን ደስ አለዎት! መጽሐፉ አልቋል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን። የታለ?»

«መታጠፍና መሰፋት ብቻ ነው የቀረው።»

ቤቱ አልቋል፣ ግድግዳና ጣራ ብቻ ነው የቀረው እንደማለት ነው። ውስጥ ስንገባ ብርቄ በየወለሉ ተበትናለች። በአንድ ክምር ጆሮዋ፣ በአንድ ክምር ጭራዋ፣ በአንድ ክምር የታክሲው ጎማ። ከክምሩ መሀል ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው ያጥፋሉ፤ ሠራተኛ የጎደለ ቀን ነው።

ሹራቤን አወለቅኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሸምሱም ተከተለኝ። ወረቀት መቼም የማውቀው ነገር ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ ወረቀት አጥፌ ወረቀት ሰፍቻለሁ። በእግር የሚረገጠውን ትልቁን የስቴፕለር ማሽን ሳይ ደግሞ ልቤ ሞቀ። «ይሄንን ለእኔ ተዉት» አልኩ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ። አንድ ጊዜ ረገጥኩ፣ ደስ አለኝ፤ ሁለተኛ ረገጥኩ፤ ከዚያማ እንደ ልብስ ሰፊ ገባሁበት። አንድ ጉብታ የሚያህል ስጨርስ ከሴቶቹ አንዷ አንስታ አየች፣ ገለበጠች፣ እንደገና ገለበጠች።

«አባባ፣ አህያዋን ገልብጠዋታል።»

እውነቷን ነው። ሽፋኑን ዘቅዝቄ ነው የሰፋሁት። ብርቄ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ፈገግ ብላለች።

«ሞታለች?» አለ ሸምሱ በድንጋጤ።

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። የሰፋሁትን በጥፍሬ ስፈታ አረፈድን። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ለባለሙያዋ ተመለሰላትና እኔ ማጠፍ ላይ ቀረሁ። ከበሩ ላይ በገዛነው እርጥብ በሚባል ድንች የተሞላ ዳቦ ረሃባችንን አስታግሰን፣ ድንቹ መጽሐፍ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወረቀቱን ከፊታችን አርቀን፣ እያጠፍን እያወራን፣ ለዛሬ የሚበቃንን ካርቶን ሞላን።

የመጀመሪያውን ያለቀ መጽሐፍ ኃላፊው አምጥቶ ሰጠኝ። ከላዩ ስሜ አለ። ስሜ የሰፈረበት ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ከግርጌ ነበር፣ ያውም ከማኅተም ሥር ተደፍቶ። እንዲህ ከላይ፣ በቀይ፣ ከአህያ በላይ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሸምሱ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ጋሼ፣ እያለቀሱ ነው?» አለኝ።

«ቀለሙ ነው» አልኩት።

የሽንኩርት መኪና

ባቡሩ ጣቢያ ስንደርስ ጥበቃው ካርቶኖቹን አየ።

«ዕቃ አይገባም አባት።»

«መጽሐፍ እኮ ነው።»

«መጽሐፍ በእጅ ይገባል። በካርቶን ግን ዕቃ ነው።»

ሕግ ሕግ ነው፤ እኔም በዘመኔ ስንቱን ሰው በእንዲህ ያለ ቃል መልሻለሁ። ተመልሰን አትክልት ተራ ገባን። ሸምሱ እዚያ የሚያውቀው ሹፌር አለው፤ ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን በቃሊቲ በኩል ወደ ሞጆ የሚመለስ አይሱዙ። ካርቶኖቹን ከኋላ በሽንኩርት ልጣጭ ላይ ጫንናቸው። እኛ ከፊት ሦስት ሆነን ተጠጋጋን።

ሹፌሩ ዝምተኛ ሰው ነው። ጎተራ እስክንደርስ ድረስ አልተናገረም።

«ምንድን ነው የጫንነው?» አለ በመጨረሻ።

«መጽሐፍ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አህያ። ታክሲ መሳፈር የምትፈልግ አህያ ናት።»

እስከ ሳሪስ አሰበበት።

«የማን አህያ ናት?»

«የማንም። ልብ ወለድ ነው።»

«ባለቤት የሌላት አህያ መንገድ ላይ ስትለቀቅ፣» አለ ሹፌሩ፣ «አደጋ ነው።»

የቃሊቲን ቁልቁለት እንደጀመርን መኪናው ድንገት ቆመ። ከፊታችን የአህዮች መንጋ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ ጭነታቸውን አራግፈው የሚመለሱ ናቸው። ባለቤታቸው ከወዲያ ማዶ ስልክ ያወራል። ሹፌራችን ጡሩምባውን ረገጠው። አህዮቹ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፣ እግራቸውን ግን አላነሱም። ከኋላችን ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ ሁሉ ይጮኻል።

ሸምሱ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሊነዳልን ነው ብዬ አመሰገንኩት። እሱ ግን አንዷ አህያ ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለና ትክ ብሎ ያያታል። አፍንጫዋን ነካ፣ ሆዷን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ወደኋላ ሄዶ ጭራዋን ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ጋሼ! አፏ ነጭ ነው! ሆዷም ነጭ ነው! ጀርባዋ ላይ መስመር አላት!»

«አሁን ነው የምታያት?»

«ስትሄድ እንጂ ስትቆም አይቻት አላውቅም!»

አንድ ትራፊክ ፖሊስ እየሮጠ መጣ። ሸምሱን በክንዱ ይዞ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ሸምሱ ሠዓሊ መሆኑን አስረዳ። ፖሊሱ ሸምሱን አየ፣ አህያዋን አየ፣ ከዚያ ከአይሱዙ መስኮት አንገቴን ያወጣሁትን እኔን አየ።

«ዘመዱ ነዎት?» አለኝ በሐዘኔታ።

«ደራሲው ነኝ።»

«ይዘውት ይሂዱ» አለ።

መዋዕለ ሕፃናቱ

ስንደርስ ፕሮግራሙ ተጀምሯል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፣ ወላጆች ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ በትንንሽ ወንበር ተቀምጠዋል። አስናቀች ከማርታ እናት አጠገብ አለች። አየችኝ፤ የሹራቤን እጅጌ አየች፤ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበታል።

እትዬ ሙሉ ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። «ልጆች፣ ዛሬ ደራሲ እንግዳ አለን!»

መጽሐፉን ገለጥኩ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ድምፅ የአያት ድምፅ አይደለም፤ መግለጫ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። «ብርቄ። አህያ። ነበረች።» እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ቀጠልኩ። ብርቄ በየቀኑ ዱቄት ተሸክማ ስትመላለስ ታክሲ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች እያየች ትቀናለች። አንድ ቀን ጭነቷን አውርዳ ሰልፍ ትይዛለች። እስከዚህ ሳነብ ፊት ያለው ልጅ አፍንጫውን ይዞ ተነሳ።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ሽንኩርት ሸተተኝ!»

«እኔንም!» «እኔንም!»

ገጹን ዘርግቼ ሥዕሉን አሳየሁ፤ ነገሩ ባሰ።

«በሬ ነው!»

«አህያ ናት!»

«ጥንቸል ናት፣ ጆሮዋን አታይም?»

ምንጣፉ ለሦስት ተከፈለ። አንዱ አንዱን ገፋ፣ አንዲቷ አለቀሰች። ሸምሱ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ተደበቀ። ያን ጊዜ ማርታ ብድግ አለች። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ብርቄ እናቷ አህያ ናት፤ አባቷ በሬ ነው!» አለች። ልጆቹ ትንሽ አሰቡበትና ተቀበሉት። ወላጆቹ ግን በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

ጸጥታው አልቆየም። እኔ በዚያው የመግለጫ ድምፄ ስቀጥል አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ የጫማውን ተለጣፊ ማሰሪያ እየነቀለ ይለጥፋል። የፊት ክፍሌ ታየችኝ። መደርደሪያዋ ላይ ሳሙና ተደርድሮ ታየኝ። ቀና ስል አስናቀች ከትንሿ ወንበር ላይ ተነስታለች። በልጆቹ መሀል አልፋ መጣችና ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወስዳ ለእትዬ ሙሉ ሰጠች።

«ይሄ አያስፈልገንም፤ አንተ ቁጭ በል» አለችኝ።

አስናቀች ዕድሜዋን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽን መሀል ነው። እዚያ ሰው «ውኃ አቀብይኝ» የሚለው እየጮኸ ነው። ያንን ድምፅ አወጣችው።

«"አቃቂ፣ አቃቂ፣ አቃቂ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!" አለ ረዳቱ። ብርቄ ቀረብ አለች። "አንቺ የት ነሽ?" አላት። "አቃቂ" አለችው። "አህያ አንጭንም!" "እኔም መጫን ሰልችቶኛል፤ መቀመጥ ነው የምፈልገው!"»

ልጆቹ በሳቅ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። ብርቄ ገባች። ተሳፋሪው «ጠጋ በይ፣ ጭራሽን ሰብስቢ» አላት። መስኮት ዳር ተቀመጠች። ታክሲው ዳገቱ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም አስናቀች ራሷ ታክሲ ሆና ተንፈራፈረች፣ አንኳኳች፣ ሳለች፣ ሞተች። ተሳፋሪው ወርዶ ቢገፋ አልነቃነቅ አለ። ብርቄ ወርዳ ገመድ ታሰረላት። ልጆቹ ሁሉ ተነስተው ገመድ ይስቡ ጀመር፤ ገመድ የለም፤ ቢሆንም ሳቡ። ታክሲው አቃቂ ደረሰ።

«"ሂሳብ!" አለች ብርቄ ለረዳቱ። "እስካሁን የጎተትኩህን!"»

ድንኳኑ ተናወጠ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። መጽሐፉ በእጇ ተከፍቷል፤ ገጹን ግን አንድ ጊዜም አላየችውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ነው ያለችው። ማታ ማታ ለማርታ ሳነብ፣ ስቀድድ፣ እንደገና ስጽፍ፣ ከጓዳ የምሰማው የሰሃን ማጠብ ድምፅ አንዳንዴ ቀጥ ይል ነበር። ሥራዋን የጨረሰች ይመስለኝ ነበር።

ልጆቹ «ድገሚው!» አሉ። ደገመችው። ሦስተኛ ሲሉ እትዬ ሙሉ ለስላሳ መጠጥ አመጡና አዳኑን። ካርቶኖቹ ወላጆች እጅ ላይ አለቁ፤ ለማስታወሻ አንዲት ፍሬ ቀረችን። ሸምሱ ከምሰሶው ጀርባ ወጥቶ በልጆቹ ክንድ ላይ በስክሪብቶ አህያ ሲስል አየሁት፤ አፏ ነጭ፣ ጀርባዋ ላይ መስመር ያላት።

አስናቀች ላቧን ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

«ሃሎ! አቶ ከድር? አስናቀች ነኝ። ደህና ዋሉ? ስለዚያች ክፍል ነበር። አይ፣ አይሆንም፣ ተይዛለች።» ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። «በማን? በአህያ!»

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

ማርታ ከእናቷ ጋር ኬክ ልትበላ ቀረች። ሸምሱ አንድ ሥጋ ቤት የጀመረው በሬ ይጠብቀዋል፤ ሲሰናበተን «ዛሬ እጄ አህያ እንዳይስልብኝ ፈርቻለሁ» ብሎ ነው የሄደው። እኔና አስናቀች ወደ ዱከም የሚሄድ ታክሲ ያዝን፤ በመንገዱ አቃቂ ላይ ያወርደናል። ረዳቱ አጠር ያለ፣ ድምፁ የሰለለ ጎረምሳ ነው። ከኋላችን ቅርጫት የያዘች ሴትዮ አለች፣ ከፊታችን ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች። ሴትዮዋ በአስናቀች ትከሻ ላይ አጮልቃ መጽሐፉን አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሱ ነው፤ እሱ ነው የጻፈው፤» አለች አስናቀች በአገጯ እያመለከተችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ አመልክታኝ አታውቅም።

«እስቲ ምን ይላል?»

አስናቀች ሁለት ጊዜ ለመባል አልጠበቀችም። «"አቃቂ፣ አቃቂ፣ አቃቂ! ሁለት ሰው ብቻ!" አለ ረዳቱ።»

«እማማ፣ እኛ እንደዛ አንልም» አለ ረዳቱ ተቆጥቶ።

«ምን ትላላችሁ ታዲያ?»

«"አቃቂ የሞላ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው፣ ያለቀለት!" ሞልቶም እንኳ አንድ ነው የምንለው።»

«በል አንተ በለው።»

አለው። እሷ ብርቄን ሆነች፣ እሱ ረዳቱን ሆነ። «አህያ አንጭንም!» ሲላት ከልቡ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞቹ «ኧረ ጫናት፣ ምናለበት!» ብለው ተቆጡት። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። መጀመሪያ በመስታወት ያይ ነበር፣ ቆይቶ ፍጥነቱንም ቀነሰ፤ የሚቀድሙን መኪኖች ሁሉ ጡሩምባ እየነፉብን ያልፋሉ። ታክሲው ዳገት ላይ ተበላሽቶ ሲቆም ሹፌሩ «የሞተሩ ካንዴላ ነው» አለ። ባለ ቅርጫቷ ሴትዮ «አህያዋ ትጎትተው!» ብላ ተናገረች፤ እኔ ለመጻፍ ስንት ሌሊት የፈጀብኝን ሐሳብ በአፍታ አገኘችው።

ብርቄ ሂሳቧን ስትጠይቅ ተሳፋሪው አጨበጨበ። ረዳቱ፣ «ይሄንንማ እኔም የታክሲውን ባለቤት እጠይቀዋለሁ» ሲል ሹፌሩ ዞሮ አፈጠጠበት። ሳቁ ሲበርድ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ፋብሪካ አለ፤ የኛ ፋብሪካ አይደለም። ሜዳ አለ፤ የኛ ሜዳ አይደለም።

«የት ነን?» አልኩ።

«ገላን፤ አቃቂን አልፈናል» አለ ረዳቱ። ከዚያ ራሱም ደነገጠ። «ወራጅ ያለ ሰው አልነበረም እኮ!»

አቃቂ ወራጅ ከኛ ሌላ ባለ ቅርጫቷ ሴትዮና ሁለቱ ሠራተኞችም ነበሩ። አምስታችንም ወርደን አስፋልቱ ዳር ተደረደርን። ወደ አቃቂ የሚመለሰው ታክሲ ሁሉ ሞልቷል። በእግራችን ጀመርነው፤ ሠራተኞቹ ቅርጫቱን ለሴትዮዋ ተሸከሙላት። ጀምበሯ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ እየገባች ነው፣ አስናቀች አዲሱን ጫማዋን ነው ያደረገችው፣ አዲስ ጫማ ደግሞ ለወላጆች ቀን እንጂ ለገላን መንገድ አይሆንም።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች እያነከሰች፣ «እኔ እያነበብኩ ነበር። ወራጅ ማለት የነበረብህ አንተ ነህ። ምን ስትሠራ ነበር?»

«እየሰማሁ።»

«ምኑን? አንተው አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ፤» አልኳት። «ግን መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማወቅ አጓጓኝ።»

ቆመች። አየችኝ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አሸከመችኝና በካልሲዋ ከፊት ከፊቴ መራመድ ጀመረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ እንደሆነ ያወቅኩት ሴትዮዋም ዞር ብላ አይታት መሳቅ ስትጀምር ነው።